የአምባራስ ደምና የአንጀት ካንሰር፤ የሕዋስ መልእክት መሥመሮች ለደጋው በሽተኛ የሚሰጡት ጥቅም



ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በሳንቃበር በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቃል። አምባራስ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ገብስ የሚዘራበት፣ በክረምት ጉም የማይለቀው፣ ውርጭ የሚበረታበት ደጋ ነው። የሕክምና ባለሙያ ይህን ስም ሲሰማ በቅድሚያ የሚያስበው የመንገዱን ርቀት ይሆናል። ዳሩ ግን አምባራስ በዓለም የሞለኪውል ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ የገባ ቦታ ነው፤ የዛሬው ንግግር ርእሱ የአንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ሆኖ ሳለ ከዚያ የሚነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በሲንቲያ ቢል መሪነት የታተመ ጥናት፣ በአምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በቀይ ሕዋስ ብዛት የወፈረ ሲሆን፣ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ወደ 19 ግራም ይደርሳል። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ብዙም ባይጨምርም የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅተኛ ነው። የአምባራስ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን ግን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሆነ፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ነበር። ይህ በቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም የማይለይ ነው። የሰው ልጅ ከፍታን የሚለምድበት ሦስተኛ መንገድ እንዳለ በዚህ ታወቀ።

ነገሩ የሚያያዘው በሕዋስ ውስጥ ከሚተላለፍ አንድ የመልእክት መሥመር ጋር ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ኦክስጅን በበቂ መጠን እስካለ ድረስም ያለማቋረጥ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያጥር ማፍረሱ ይቆምና ሂፍ ይከማቻል፤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶም አርንት ከተባለው ባልንጀራው ጋር በመጣመር ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ ስኳር ያለ ኦክስጅን ለጉልበት እንዲውል የሚያዝዙትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ይህን አሠራር የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ የጂን ጥናቶችም የኢትዮጵያ ደገኞች ከፍታን የተላመዱት በቲቤቶች ዘንድ በታወቁት ጂኖች ሳይሆን በሌሎች እንደሚመስል አመልክተዋል፤ ከተጠቆሙት መካከል አንዱ አርንት-2፣ የዚሁ የሂፍ መሥመር ዘመድ የሆነው ጂን ነው።

ይኸው መሥመር በአንጀት ዕጢ ውስጥም ይሠራል። ዕጢ እያደገ ሲሄድ መካከሉ ከደም ሥር ይርቃል፤ ኦክስጅንም ያጥረዋል። በዚህ ጊዜ የዕጢው ሕዋሶች ሂፍን አከማችተው የደም ሥር አብቃይ መልእክት ያሰራጫሉ፤ ዕጢው የራሱን ቀለብ ማመላለሻ መንገድ ያስቀይሳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ይህንን መልእክት መንገድ ላይ የሚይዝ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፤ በደጋ መኖር የአንጀት ካንሰርን ያመጣል ወይም ይከላከላል ማለት አይደለም። በዕጢው ውስጥ ያለው የኦክስጅን እጥረት ዕጢው ራሱ የፈጠረው እንጂ ከተራራው የመጣ አይደለም።

ስለ አንጀት ካንሰር መነሻ ሲነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ለሌላ መሥመር ነው። የትልቁ አንጀት ገጽ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ በየጉድጓዱ ሥር ያሉት እናት ሕዋሶች እየተከፈሉ የአንጀቱን ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያድሳሉ። እንዲከፈሉ የሚያዝዛቸው ውንት የሚባለው መልእክት ሲሆን፣ ትእዛዙን ወደ አስኳሉ የሚያደርሰው ቤታ-ካቴኒን ነው። ቤታ-ካቴኒንም እንደ ሂፍ በየጊዜው የሚሠራና በየጊዜው የሚፈርስ ፕሮቲን ነው፤ ከአፍራሾቹ ዋነኛው ኤ.ፒ.ሲ. ይባላል። ከ10 የአንጀት ዕጢዎች በ8ቱ ያህል የኤ.ፒ.ሲ. ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። አፍራሹ ሲጠፋ መልእክተኛው ይከማቻል፤ ማንም ሳያዝዝ «ተከፈሉ» እያለ ይኖራል። በብዙ ሕመም የሚፈለገው የጎደለ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው መፍረስ የነበረበት ባለመፍረሱ ነው። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ኤሪክ ፊሮንና በርት ቮግልስታይን እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ሥዕል መሠረት፣ በኤ.ፒ.ሲ. መጥፋት የተጀመረው ትንሽ ፖሊፕ ኬ-ራስ የተባለው ጂን ሲለወጥ ያድጋል፤ በመጨረሻም ፒ-53 የተባለው ጠባቂ ሲወድቅ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት ያላነሰ ይወስዳል። ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ለሐኪሙ የሚሰጠው ተስፋ አልተለወጠም፤ ፖሊፑ ሳይባባስ የሚገኝበት ዘመን ረጅም ነው።

የኬ-ራስን ነገር ለመረዳት የሰሜን ተራሮችን ሰው መመልከት ይበቃል። በገደል የተለያዩ ሰዎች መልእክት የሚያስተላልፉት ከአፋፍ ወደ አፋፍ በመጣራት ነው፤ የመጀመሪያው የሰማውን ለሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ለሦስተኛው ያደርሳል። በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚገኘው ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የተባለው ተቀባይ የመጀመሪያው ሰሚ ነው፤ ኬ-ራስ መካከለኛው፣ ቢ-ራፍ ቀጣዩ ነው። ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የሚሠራው የመጀመሪያውን ሰሚ ጆሮ በመድፈን ነው። ነገር ግን ከተሠራጨ የአንጀት ካንሰር 40 በመቶ በሚሆነው መካከለኛው፣ ኬ-ራስ፣ ማንም ሳይጠራው በራሱ የሚጮኽ ሆኗል። የመጀመሪያው ጆሮ ቢደፈን ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተሙ ጥናቶች ተረጋገጠ፤ ከዚያ ወዲህ ኬ-ራስ ሳይመረመር መድኃኒቱን ማዘዝ ቀረ።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ የጥፋት መንገድ አለ። የጎንደር አድባራት ቁም ጸሐፊ በብራና ሲገለብጥ፣ አንድ ፊደል ደጋግሞ በሚመጣበት ቦታ ቁጥሩ እንደሚጠፋበት፣ ሕዋስም ጂኑን ሲገለብጥ ተደጋጋሚ ፊደሎች ባሉበት ይሳሳታል። ለዚህም አራሚዎች አሉት፤ ኤም.ኤል.ኤች-1፣ ፒ.ኤም.ኤስ-2፣ ኤም.ኤስ.ኤች-2 እና ኤም.ኤስ.ኤች-6 የተባሉት አራት ፕሮቲኖች ዋነኞቹ ናቸው። አራሚው ሲጠፋ ስሕተቱ በሺሕ ይቆጠራል። ከአንጀት ካንሰሮች 15 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ስሕተት የበዛበት ሕዋስ እንግዳ ፕሮቲኖችን ስለሚሠራ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ ይለየዋል፤ መከላከያውን ከእግር ብረቱ የሚፈቱት አዲሶቹ መድኃኒቶች በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ላይ ብርቱ የሆኑትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት፣ አራሚ የጠፋበት የፊንጢጣ ካንሰር የነበረባቸው 12 በሽተኞች ዶስታርሊማብ ብቻ ተሰጥቷቸው በ12ቱም ላይ ዕጢው ከዓይን ጠፍቷል፤ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም አላስፈለገም።

ይህን የሚሰማ በደባርቅ ወይም በጎንደር የሚሠራ ሐኪም «ለእኛ በሽተኛ ምን ይረባዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ሴቱክሲማብም ሆነ ዶስታርሊማብ የደጋ ገበሬ የማይደርስባቸው መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱ በሌለበት የኬ-ራስን ምርመራ በገዛ ገንዘቡ እንዲያስደርግ በሽተኛውን ማዘዝም ከንቱ ወጪ ነው፤ ውጤቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የምርመራ ቅደም ተከተል በውጭ አገር እንደ ተጻፈ መገልበጥ የለበትም። መጠየቅ ያለበት «ይህ ምልክት የዚህን በሽተኛ መንገድ ይለውጣል ወይ?» ተብሎ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የአራቱ አራሚዎች ምርመራ ቀዳሚ ይሆናል። ምክንያቱ የተወደደ መድኃኒት አይደለም። የአምባራስ ገበሬ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት፣ በሽታው የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ነገር ግን ንፍፊቱ ጋ ሳይደርስ የተገኘ ነው እንበል፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ነው። ቀጥሎ የሚጠብቀው በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ጎንደር እየተመላለሰ እስከ ስድስት ወር የሚወስደው የኬሞቴራፒ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ለዚህም በሬ ይሸጣል፤ እርሻው ጦም ያድራል፤ ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ያስታምመዋል። ሆኖም አራሚው በጠፋበት የሁለተኛ ደረጃ ካንሰር ላይ ፍሎሮዩራሲል ብቻውን ቢሰጥ የሚታይ ጥቅም እንደሌለው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተከታታይ ተጽፏል፤ የእነዚህ በሽተኞች ዕጣም ያለዚያው የተሻለ ነው። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር የሚነበብ አንድ ቀለም የበሬ ዋጋ ያድናል። መድኃኒት እንዳይሰጥ የሚያደርግ ምልክት መድኃኒት እንዲሰጥ ከሚያደርገው ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ይህ በሀብታም አገሮች መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ጎልቶ አይነገርም።

ሁለተኛው ምሳሌ የአስፕሪን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመውና በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በፊንላንድ የተካሄደው ጥናት፣ ፒ.አይ.3ኬ. የተባለው የመልእክት መሥመር የተለወጠባቸውን በቀዶ ሕክምና የታከሙ በሽተኞች ወስዶ በቀን 160 ሚሊግራም አስፕሪን ለሦስት ዓመት ሰጠ። የካንሰሩ መመለስ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከተመረመሩት በሽተኞች ከሦስቱ አንዱ ያህል ይህ ለውጥ ነበረባቸው። አስፕሪን በየትም መድኃኒት ቤት የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው፤ እዚህ የተወደደው መድኃኒቱ ሳይሆን ምልክቱ ነው። ምልክቱ ሳይታወቅ ለሁሉም ይታደል የሚል ግን አይጠፋም፤ የጨጓራ ቁስል በበዛበት አገር ይህ ደም ማፍሰስን መጋበዝ ነው።

ወደ አምባራሱ ሄሞግሎቢን መመለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከሞለኪውል ምልክቶች ሁሉ ጥንታዊውና ርካሹ ሄሞግሎቢን ነው። በቀኝ በኩል ያለው የትልቁ አንጀት ዕጢ አንጀትን ሳይዘጋ ለብዙ ወራት በዝግታ ደም ስለሚያፈስ፣ ጎልማሳ ወንድ በብረት እጥረት ደም ማነስ ሲገኝበት አንጀቱ መጠርጠር አለበት። ነገር ግን «ደም ማነስ» የሚባለው የቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት በ3,500 ሜትር ላይ ለሚኖር ሰው በተለመደው ወሰን ላይ 2.7 ግራም ይጨመራል፤ ለወንድ 13 የነበረው 15.7 ይሆናል ማለት ነው። የአምባራስ ጤነኛ ወንዶች አማካይ ግን 15.9 ነው። ሰንጠረዡ ቃል በቃል ቢሠራበት ከጤነኞቹ ወንዶች ግማሽ የሚጠጉት ደም አነሳቸው ሊባሉ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሰንጠረዡን አሻሽሏል፤ ሆኖም ለዚህ ከፍታ የሚጨመረው አሁንም ከ2 ግራም በላይ ነው። ሁሉም ደም አነሰው ከተባለ በእርግጥ የሚደማው ሰው ከመካከላቸው አይለይም፤ የብረት እንክብል ተሰጥቶት ይሸኛል። የአንዲስ ሰው ደም የወለደው እርማት ለሰሜን ሰው አይሆንም፤ ይህንንም የመሰከረው የአምባራስ ሰው የገዛ ደሙ ነው። እንግዲህ በደባርቅ የሚሠራ ባለሙያ ያለ ከፍታ እርማት 13 ግራምን እንደ ወሰን ቢይዝ፣ ይልቁንም የዚያው ሰው ሄሞግሎቢን ከዓመት ወደ ዓመት መውረዱን ቢከታተል፣ ፌሪቲን የሚለካበት ቦታ ሲገኝም ቢያስለካ ይሻለዋል።

በሽተኛው የሚዘገይበት ሌላው ምክንያት ስም ነው። ከፊንጢጣ ደም ሲፈስ «ኪንታሮት ነው» ይባላል፤ ሲያስቀምጥና ሲያምጥ «አሜባ ነው» ይባላል። ሐኪሙም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በኡጋንዳ ያገለገለው ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1971 የአንጀት ካንሰር በገጠር አፍሪቃ ብርቅ የሆነው ምግቡ አሰር ስለሚበዛበት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ በሽታው የፈረንጅ ነው የሚለው ሐሳብ በትምህርት ቤት ሥር ሰድዶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ግን የአንጀትና የፊንጢጣ ካንሰርን በወንዶች ዘንድ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ አድርጎ አሳይቷል። ከበሽተኞቹም ከ50 ዓመት በታች የሆኑት ብዙዎች ናቸው። ከፊሉ ምክንያት የሕዝቡ ወጣትነት ስለ ሆነ ሁሉን በዘር ማመካኘት አይገባም፤ ቢሆንም ወጣት በሽተኛ ሲገኝ ስለ ቤተ ዘመዱ መጠየቅ ግዴታ ነው። በጣት የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራም ጓንት ብቻ ይፈልጋል። ይህ ሳይደረግ የኪንታሮት ቅባት ማዘዝ ምንም ማመኻኛ የለውም።

አራሚዎቹ ጠፍተው ሲገኙ ጉድለቱ ከወላጅ የተወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ሊንች ሲንድሮም የሚባለው ነው። ከወራሽ ወላጅ ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ነገሩ የታወቀው በቤተ ሙከራ አልነበረም፤ በሚሺጋን የነበረው ፓቶሎጂስት አልድሬድ ዋርቲን የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤተሰብን ታሪክ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1913 በጻፈው ነው። በዚህ ረገድ የሰሜን ሰው የታደለ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ አዛውንት በየመንደሩ ይገኛሉ፤ የትኛው ሐኪም ይህን ያህል የተሟላ የትውልድ ሐረግ በነጻ አግኝቷል? የሚቀረው ጥያቄውን ማስተካከል ነው። «ካንሰር የነበረበት ዘመድ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «የለም» ይሆናል። «ከአባትዎ ወይም ከእናትዎ ወገን ሳያረጅ ሆዱ ተነፍቶ፣ ወይም ደም እየፈሰሰው፣ ከሴቶቹም ማሕፀኗ እየደማ የሞተ አለ ወይ?» ቢባል ግን አዛውንቱ ስም ይጠራሉ። በዳባት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መዝገብ ይያዛል። እንዲህ ያለው የቤተሰብ ታሪክ ከዚያ መዝገብ ጋር ቢገናኝ፣ ሌሎች አገሮች በብዙ ወጪ የሚያቋቁሙትን የዘር መዝገብ ለመጀመር ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ቁራጭ ሥጋ ላይ ነው። ናሙናው ከተበላሸ አራሚውም ኬ-ራስም አይነበቡም። ከወረዳ ሆስፒታል የሚወጣ ናሙና ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በበሽተኛው ቤተሰብ እጅ ነው፤ አንዳንዱ ደርቆ፣ አንዳንዱ በጨው ውሃ ውስጥ ሸትቶ፣ አንዳንዱም ለብዙ ሳምንታት ባልተመጠነ ፎርማሊን ውስጥ ተቃጥሎ ይደርሳል። ጤነኛ ሕዋስ የአራሚዎቹን ቀለም በአስኳሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ያሳያል። ዕጢው ባይቀለምና በአጠገቡ ያሉት የመከላከያ ሕዋሶች ቢቀለሙ አራሚው በእርግጥ ጠፍቷል። ሁለቱም ካልተቀለሙ ግን የጠፋው አራሚው አይደለም፤ ሥጋው በአያያዝ ሞቷል። ይህን ሳይለይ የሚጻፍ ውጤት አንዱን በሽተኛ የሚገባውን ሕክምና ያስቀርበታል፤ የሌላውንም ቤተሰብ በሌለ የዘር በሽታ ያስደነግጣል። አሲድ የሆነ አሮጌ ፎርማሊንም የጂኑን ፊደል እየለወጠ ያልነበረ ለውጥ ያስነብባል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። 100 ሚሊሊትር የገበያ ፎርማሊን በ900 ሚሊሊትር ውሃ ይቀየጣል፤ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌትና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ይጨመርበታል። የወጣው አንጀት በርዝመቱ ተቀድዶ ሳይውል ሳያድር፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከሥጋው መጠን በ10 እጥፍ በሚበልጥ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚዘልቅ ያልተቀደደ አንጀት ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓትም ያልበለጠ ቆይቶ ወደ ፓራፊን ሊተላለፍ ይገባል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ናሙናው ሰኞ እንዲደርስ አስቀድሞ ሊታሰብበት ያስፈልጋል፤ የክረምት መንገድ ሲሆን ይልቁንም።

በደንብ የተያዘ የፓራፊን ናሙና ለብዙ ዓመታት ይነበባል። ዛሬ መክፈል የማይቻለው ምርመራ ነገ ሲረክስ፣ ወይም በሽተኛው ከሞተ በኋላ ልጁ ሲታመም፣ ያ ናሙና መልስ ይሰጣል፤ ከመደርደሪያ የሚገኘው ግን ቁጥሩና ወረቀቱ ከተያዙ ብቻ ነው። ስለዚህ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «የአንጀት ዕጢ» ብሎ ከመተው ይልቅ የሚከተሉት ቢጻፉ ይበጃል፦ ዕጢው የተገኘበት የአንጀት ክፍል፣ የበሽተኛው ዕድሜ፣ ሄሞግሎቢኑና የተወለደበት ቀበሌ፣ ሥጋው ከሰውነት የወጣበትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት፣ በወጣትነት የሞተ የሥጋ ዘመድ ካለም ዝምድናው። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ኖሮት አንዱ በደባርቅ ሊቀር፣ የናሙናውም ቁጥር በበሽተኛው ካርድ ላይ ሊሰፍር ይገባል።